የሰፈራችሁን የጣና ዳርቻ እንዴት ትጠብቃላችሁ?

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጣና የማይቆረቆር ሰው ማግኘት ይከብዳል። ባጃጅ ነጂውም፣ ዓሣ ጠባሿም፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውም ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጭ፣ ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጣል። ችግሩ ይህ ቁጭት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ወደ ሥራ መለወጡ ነው። ዘመቻ ይጠራል። በአውቶቡስ ተጭነን እንሄዳለን። ጭቃ ውስጥ ገብተን እንነቅላለን፣ ማታ እንመለሳለን። እምቦጭ ግን ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። እኛ ዳግም እስክንዘምት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት አንድ ሰፈር፣ አንድ እድር ወይም አንድ የተማሪዎች ክበብ አንዲት ቁራሽ ዳርቻ ይዞ ዓመቱን ሙሉ እንዲጠብቃት ብዬ ነው። ብዙ ብር አይጠይቅም። ደብተር፣ ጥቂት ችካሎች፣ ካሜራ ያለው ስልክና ተራ የሚገቡ አሥር አሥራ አምስት ሰዎች ይበቃሉ።

በሌላው ዓለም ያሉ የአካባቢ ተቆርቋሪዎችም አጀማመራቸው እንዲሁ ነው። ጎልድማን የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሰጠው ከሕዝብ መሐል ለተነሱ ለእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው። የብዙዎቹን ታሪክ ስታነቡ ሲነሱ ዓለምን እናድን አላሉም። የመንደራቸውን ወንዝ፣ የደጃቸውን ጫካ፣ የልጃቸውን ጤና ብለው ነው የተነሱት። ከእነሱ የምንማረውን በየቦታው አነሳለሁ።

1. ቦታ ምረጡ፤ ትንሽ ይሁን

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። “ጣናን እንታደግ” ብሎ የተነሳ ቡድን ከየት እንደሚጀምር ሳያውቅ ይበተናል። እናንተ ሁለት ወይም ሦስት መቶ ሜትር ዳርቻ ያዙ። በእግር ሄዳችሁ፣ አይታችሁ፣ ጽፋችሁ ለመመለስ አንድ ሰዓት የማይፈጅ ይሁን። ከቤታችሁ ቅርብ ካልሆነ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የሚመጣ ሰው አይኖርም።

ምርጫ ካላችሁ የጎርፍ ቦይ ወይም ጅረት ወደ ሐይቁ የሚገባበትን ቦታ አስቀድሙ። ሐይቁን የሚጎዳው ብዙው ነገር የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ወሰኑን ሁሉም ሰው በሚያውቀው ምልክት ለዩት፤ ከትልቁ ዋርካ እስከ ጀልባ መቆሚያው፣ ከሆቴሉ አጥር እስከ ቦዩ አፍ እያላችሁ።

ከዚያ ቀበሌ ሂዱ። ምን ልትሠሩ እንደሆነ በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ አስገቡና የትብብር ደብዳቤ ጠይቁ። አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ደብተርና ስልክ ይዞ ውሃ ዳር የሚመላለስ ሰው ጥያቄ ቢያስነሳ አይገርምም። ደብዳቤው ኪስ ውስጥ ካለ ነገሩ በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ስብሰባ ወይም እንቅስቃሴ የሚገድብ መመሪያ መኖር አለመኖሩንም በዚያው ጠይቁ። ዳርቻው የግል ይዞታ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዱ። የገዳም ደሴት ከሆነ ደግሞ አበው ሳይባርኩት አትጀምሩ፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባባቸው ገዳማት እንዳሉም አትርሱ።

2. ሐይቁን የሚያውቁትን ሰዎች አስቀድሙ

ብዙ ጊዜ ቡድን የሚመሠርተው የተማረው ወጣት ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ውሃውን በየቀኑ የሚያየው ሌላ ሰው ነው። ቀረሶና አምባዛ የሚያጠምዱት፣ ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች፣ ውሃው ሲጎድል የሚገለጠውን መሬት፣ ባሕር ሸሹን፣ የሚያርሱት ገበሬዎች፣ ልብስ ለማጠብ የሚወርዱት እናቶች። እነሱ የሌሉበት ኮሚቴ የሚያየው ፎቶ የሚያምርበትን ነገር ብቻ ነው።

ለስብሰባ አትጥሯቸው። እነሱ ወዳሉበት ሂዱ። ጠዋት ዓሣው ሲወርድ፣ ወይም ከሰዓት መረብ ሲጠገን፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ጠይቁ። “አባባ፣ ልጅ እያሉ ውሃው እስከየት ይደርስ ነበር?” “እማማ፣ ይቺ ቦታ መሽተት የጀመረችው መቼ ነው?” መልሱን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ለብዙ ዘመን ተገፍቶ የኖረ ነው። እነሱን ለፎቶ አቁሞ ውሳኔ ላይ መርሳት ነውር ነው። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ወይም አንዷ ከእነሱ ይሁን።

ሴቶችንም ለቡና ማፍላት ብቻ አትጥሩ። በሰሜን ሕንድ ሬኒ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1974 ዛፍ ቆራጮች የመጡት ወንዶቹ ካሳ ትቀበላላችሁ ተብለው ከመንደር በወጡበት ቀን ነበር። ጋውራ ዴቪ የምትባል ሴት የመንደሩን ሴቶች ሰብስባ ጫካው ውስጥ ገባች። ዛፎቹን ከበው አንለቅም አሉ፤ ቆራጮቹ ተመለሱ። ቺፕኮ የሚባለው እንቅስቃሴ በዓለም የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። እኛም ዘንድ ወንዱ ለሥራ ሲወጣ ሰፈር የሚውለው ማን እንደሆነ እናውቃለን። ማታ ላይ ፍሳሽ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚሸታት እሷን ነው።

እድር ካለ እድሩን ተጠቀሙ። ስም ዝርዝር አለው፣ ጥሩምባ ነፊ አለው፣ ሰው ይሰማዋል። ካህኑ ወይም ኢማሙ ከቅዳሴ ወይም ከሶላት በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ እናንተ አንድ ወር ለጥፋችሁ የማታመጡትን ሰው ያመጣሉ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በድንጋይ አጥር የተከለሉት በዚህ መንገድ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሥራውን ሲጀምሩ የሄዱት ወደ ካህናቱ ነው። ድንጋዩን ምእመኑ ከየማሳው ለቅሞ አመጣ፤ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ተረፈ።

3. መዝገብ ክፈቱ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ባለ መስመር ደብተር ግዙ። ገጾቹን ከ1 ጀምራችሁ ቁጥር ስጧቸው። ገጽ አይቀደድም። የተሳሳተ ነገር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም። ይህ ደብተር አንድ ቀን ቢሮ ወይም ችሎት ፊት ሊቀርብ ይችላል።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞኖ የሚባል ሐይቅ አለ። የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ገባር ወንዞቹን ወደ ራሷ እየጠለፈች ሐይቁ እየሸሸ ሄደ። በ1976 ጥቂት ተማሪዎች ዳሩ ላይ ድንኳን ተክለው ወፎቹንና የውሃውን ነፍሳት ቆጠሩ። በ1978 ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1983 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሐይቁ የሕዝብ አደራ መሆኑ ከግምት እንዲገባ ወሰነ። በ1994 ደግሞ ሐይቁ ሊደርስበት የሚገባው ከፍታ በቁጥር ተወሰነ። ከድንኳኑ እስከ ውሳኔው 18 ዓመት። ለዚያ ሁሉ ክርክር መነሻ የሆነው ተማሪዎቹ የጻፉት ቁጥር ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ውረዱ። አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። እንዲህ ይሆናል፦

“ቅዳሜ ጥር 10፣ ጠዋት 1 ሰዓት ከ20። ደመና የለም፣ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ዳር። የውሃው ጠርዝ ከ2ኛው ችካል 4 ሜትር ከ30። ቦዩ ውስጥ ውሃ አለ፣ ግራጫ፣ የሳሙና አረፋ፣ ሽታው የበሰበሰ እንቁላል። እምቦጭ፦ ከዋርካው ሥር ሁለት ክምር፣ አንዱ አብቧል። የሞተ ዓሣ የለም። ወፍ፦ ዳክዬ፣ ሳቢሳ። ፎቶ ከሀ፣ ከለ እና ከሐ። ያየነው፦ ስም፣ ፊርማ። ስም፣ ፊርማ።”

“ውሃው ቆሽሿል” የሚል ቃል መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም። ምን ቀለም፣ ምን ሽታ፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት የሚለው ነው የሚጠቅመው። ፋብሪካው ነው፣ ሆቴሉ ነው፣ እገሌ ነው ብላችሁም አትጻፉ። ቱቦው ከየት እንደሚመጣ በዓይናችሁ ካላያችሁ “ከሰሜን በኩል የሚመጣ ቱቦ” በቂ ነው።

ችካሎቹን እንዲህ ትከሉ። ሦስት ያህል ወፍራም እንጨቶች ሥራቸውን በተቃጠለ ዘይት ነክራችሁ አድርቁ። ያለፈው ክረምት ውሃ ከደረሰበት በላይ በመደዳ ትከሉና ቁጥር ጻፉባቸው። ጣና በጣም የሚሞላው መስከረም ገደማ ነው። በጣም የሚጎድለው ግንቦትና ሰኔ ላይ። በሜትር ወይም በተለካ ሲባጎ ከችካሉ እስከ ውሃው ጠርዝ ለኩ። አንድ ዓመት ሲሞላ ውሃው መቼ እንደመጣ፣ መቼ እንደሸሸ፣ ባሕር ሸሹ ላይ እርሻው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገፋ በእጃችሁ ይኖራል።

ፎቶ ሁልጊዜ ሀ፣ ለ እና ሐ ብላችሁ ከሰየማችኋቸው ተመሳሳይ ሦስት ቦታዎች፣ በተመሳሳይ አቅጣጫ ይነሳ። የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ ትልቅ ድንጋይ ወይም የዘንባባ ዛፍ፣ ጥግ ላይ ይግባ። የስልኩ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑን ቀድማችሁ እዩ። ማታውኑ ዋይፋይ ስታገኙ ቅጂውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ውሃ ውስጥም ይገባል።

ውሃው ምን ያህል ጥርት ያለ እንደሆነ የምትለኩበት ርካሽ መሣሪያም አለ። ሴኪ ዲስክ ይባላል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ ወይም ያረጀ የድስት ክዳን ፈልጉ። አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ትይዩ ክፍሎች ነጭ፣ ሁለቱን ጥቁር ቀቡ። መሐሉን በስታችሁ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ እሰሩበት፤ ከሥሩ ድንጋይ አንጠልጥሉ። ከጀልባ ወይም ከመቆሚያው ጫፍ፣ ጥላ ባለበት በኩል ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። ከዓይን የሚጠፋበትን ጥልቀት ያዙ። መልሳችሁ ስትስቡት የሚታይበትንም ያዙ። የሁለቱ አማካይ ነው የሚጻፈው። ክረምት ላይ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ አፈር ይዘው ሲገቡ ቁጥሩ ይወርዳል። በጋ ላይ ያለ ጎርፍ ድንገት ከወረደ ግን አንድ ነገር ገብቷል ማለት ነውና ምክንያቱን ፈልጉ።

መለኪያችሁን ለባለሙያ አሳዩ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከልም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ውሃውን ላቦራቶሪ አስገብቶ የሚመረምር ተማሪ ሁልጊዜ የጥናት ቦታ ይፈልጋል። እናንተ ቦታና የዓመት መዝገብ አላችሁ፤ እሱ መሣሪያ አለው።

4. እምቦጩን በሥርዓት ንቀሉ

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011፣ በሰሜን በኩል በመገጭ አፍ አካባቢ ነው። አንዷን ቅጠል ይዛችሁ እዩ። የቅጠሉ አንገት ያበጠ ነው፤ ብትጫኑት እንደ ስፖንጅ ይሟሽሻል። የሚያንሳፍፈው ያ አየር ነው። ከሥሩ ጥቁር ሐምራዊ ጭራ የሚመስል ሥር ይንጠለጠላል። ከጎኑ ደግሞ ቀጭን ቅጥያ ወጥቶ ጫፉ ላይ ሌላ ልጅ ይይዛል። እናቲቱን ስትጎትቱ ቅጥያው ከተበጠሰ ልጅቷ ውሃው ላይ ቀረች ማለት ነው። በማጭድ ወይም በቆንጨራ መቆራረጥ ለዚህ ነው የሚጎዳው።

ከማበቡ በፊት ድረሱበት። ሐመር ሐምራዊ አበባው ሲያረጅ አንገቱ ወደ ውሃ ይጎነበሳል፣ ዘሩንም እዚያው ይበትናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ያበበውን ካላበበው ለይታችሁ በተለያየ ጆንያ ክተቱ።

ሥራ የሚቀለው ነፋስ ወደ ዳር በሚገፋው ሰዓት ነው። በገመድ ወይም በአሮጌ መረብ ከውጭ በኩል ክበቡት። ከዚያ ከሐይቁ ወደ ዳር እየሰበሰባችሁ ከነሥሩ አውጡ። ከኋላ ሁለት ሰው የተበጠሰውን ብቻ ይልቀም። ከክብደቱ ከመቶ ዘጠና እጁ ውሃ ነው፤ ጆንያውን አትሙሉት፣ ወገብ ይሰብራል።

የት ይከመር? ብዙ ዘመቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ነቅሎ ዳር ላይ ጥሎ መሄድ ማለት ክረምት ሲገባ ሐይቁ ራሱ መልሶ እንዲወስደው ማስቀመጥ ነው። ከችካሎቻችሁ በላይ፣ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ይሰጥ። ዘርግታችሁ አድርቁት። ያበበው ሲደርቅ ይቃጠል። ያላበበው ከአፈርና ከአመድ ጋር ጉድጓድ ገብቶ ብስባሽ ይሆናል። ለከብት አትስጡት፤ ይህ አረም በውሃው ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት የመምጠጥ ባሕርይ አለው። ኬሚካልም አትርጩ፤ ያንን ውሃ የሚጠጣ ሰው አለ። በቪክቶሪያ ሐይቅ አረሙን የሚበላ ጥንዚዛ ረድቷል። ነገር ግን ነፍሳት መልቀቅ የተመራማሪዎችና የመንግሥት ውሳኔ ነው። ከሌላ ቦታ አምጥቶ ጣና ላይ መልቀቅ በፍጹም አይሞከርም።

ጤናችሁን ደግሞ ጠብቁ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ጭን የሚደርስ ቦቲና ረጅም ጓንት ሳይኖር ውሃ ውስጥ መቆም አይገባም። ጉማሬ በሚወጣበት አካባቢ በጠዋት ጨለማና በምሽት አትሥሩ። ዋና የማይችል ሰው ከጉልበቱ በላይ አይግባ። ሕፃናት ደብተር ይያዙ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ውሃ ውስጥ ግን አይገቡም። ውሃ የነካው ሰው ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካየ ጤና ጣቢያ ሄዶ “ጣና ውስጥ ስሠራ ነበር” ይበል፤ መድኃኒት አለው።

መንቀል ብቻውን አይጨርሰውም፤ ይህን ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ። እምቦጭን የሚቀልበው ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማችን የሚወርድ ፍሳሽ ነው። ምግቡ እስካልተቋረጠ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ነው ቀጣዮቹ ሁለት ደረጃዎች የሚያስፈልጉት።

5. ደንገሉን መልሱ

ደንገልና ፊላ ዳር ላይ ሲቆሙ አፈሩን ያስቀራሉ፣ ማዳበሪያውን ይመጥጣሉ። የዓሣ ጫጩት እዚያ ይደበቃል፣ ወፍ ጎጆ ይሠራል። ደንገሉ ተመንጥሮ እርሻ ወይም መዝናኛ በሆነበት ቦታ ሁሉ ፍሳሹ ያለ ማጣሪያ ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል።

አተካከሉን ከታንኳ ሠሪዎቹ ተማሩ፤ የትኛው ጉንጉን ሥር እንደሚይዝ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ባጭሩ፣ ጤነኛ ሥር ከነቡቃያው እየቆረጣችሁ ቡቃያው ውሃ በማይውጠው ጥልቀት ጭቃው ውስጥ ትቀብሩታላችሁ። ሁሉንም ከአንድ ቦታ አትቁረጡ፤ አንዱን ዳር ለማልበስ ሌላውን ማራቆት ይሆናል። ሞገድ እንዳይነቅለው በፊት ለፊቱ እንጨት ደርድሩ። ከብት እንዳይገባ ደግሞ ከባለ ከብቶቹ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ የውሃ መጠጫ መንገድ ክፍት ተዉላቸው። መንገድ ካልሰጣችኋቸው አጥራችሁ አንድ ሳምንት አያድርም፤ ጥፋቱም የእነሱ አይሆንም።

ዓሣ አጥማጆቹንም በዚሁ ዓይን እዩ። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ የላቤዮባርበስ ዓሦች በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። በዚያ ሰሞን የወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ዘር ማጥፋት ነው። ሞኖፊላመንት የሚባለው ቀጭን መረብ ደግሞ ትንሹንም ትልቁንም ጠራርጎ ይይዛል። ይህን ለአጥማጁ ስትነግሩት ግን የልጆቹን እራት እየነካችሁ ነው። መረብ አትንጠቁ። የወንዝ አፉን ለእነዚያ ወራት ለመተው ማኅበራቸው ራሱ እንዲወስን አወያዩ።

6. ደብዳቤ ጻፉ፣ ቁጥር ተቀበሉ

መዝገባችሁ ላይ ተደጋጋሚ ነገር ሲታይ ወደ ቢሮ ትሄዳላችሁ። በቃል አቤት አትበሉ። “እናያለን” ትባላላችሁ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ዳር ላይ አዲስ ግንባታ ሊጀመር ከሆነም በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንድትሰጡበት መጠየቅ ትችላላችሁ። ከማስገባታችሁ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አዋጆቹ ተሻሽለው እንደሆነ ያጣራላችሁ። የዩኒቨርሲቲው ሕግ ትምህርት ቤት ጥሩ መነሻ ነው።

ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት የምትጽፉት ደብዳቤ አንድ ገጽ ይሁን፦

“ጉዳዩ፦ ወደ ጣና ሐይቅ ስለሚገባ ፍሳሽ ማመልከትን ይመለከታል

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው የቀበሌ ___ ነዋሪዎች፣ ከ___ እስከ ___ ባሉት ቀናት በ___ ቦይ በኩል ግራጫ ቀለምና መጥፎ ሽታ ያለው ፍሳሽ ወደ ሐይቁ ሲገባ ለ___ ጊዜ መዝግበናል። ዝርዝሩና ፎቶግራፎቹ በ___ ገጽ ተያይዘዋል። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ቦታው በባለሙያ እንዲታይ፣ የፍሳሹ ምንጭ እንዲጣራና ውሳኔው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው አስተዳደር፣ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት”

ስድብ፣ ምሬት፣ “ኃላፊነት የጎደላቸው አካላት” የሚል ነገር አይግባበት። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱ እዚያ ይቀራል። ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ካልተደረገበት ከመስኮቱ አትንቀሳቀሱ። ያቺ ቁጥር ናት 30 ቀኑን የምታስቆጥረው። ቁጥሯን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ማን ምን እንዳላችሁም ጻፉ። “ስብሰባ ላይ ናቸው” መባልም ይጻፋል።

ደብዳቤን አትናቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ናይሮቢ ውስጥ ኡሁሩ ፓርክ ላይ ትልቅ ፎቅ ሊሠራ ሲል ኬንያዊቷ የአካባቢ ተቆርቋሪ ዋንጋሪ ማታይ የጀመረችው በደብዳቤ ነው። ለመንግሥት ቢሮዎች ጻፈች፣ ለውጭ ድርጅቶች ጻፈች፣ ለጋዜጦች ጻፈች። ፓርላማ ውስጥ ሰደቧት። ገንዘብ ሰጪዎቹ ሸሹ፣ ሕንፃው ቀረ። ከሞምባሳ ደግሞ ፊሊስ ኦሚዶን ተመልከቱ። የባትሪ እርሳስ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥራ ስትሠራ ሕፃን ልጇ ታመመ። ሕመሙ የእርሳስ መመረዝ መሆኑ በምርመራ ታወቀ። ዝም አላለችም፤ የመንደሩ ልጆችም ደም እንዲመረመር አደረገች። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ፤ በ2015 የጎልድማን ሽልማት አገኘች። ክርክሩን የቀየረው ከመንደሩ ልጆች የተወሰደው ደም ውጤት ነው።

7. ራሳችሁን ጠብቁ

በዓለም ላይ መሬትና ውሃ የሚጠብቁ ሰዎች ይገደላሉ። የብራዚሉ ቺኮ ሜንዴስ እ.ኤ.አ. በ1988፣ የሆንዱራሷ ቤርታ ካሴሬስ በ2016 ቤታቸው ድረስ በመጡ ሰዎች ተገደሉ። ይህን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። ሰፈራችሁ ውስጥ ሥራው በአንድ ሰው ስም እንዳይጠራ ብዬ ነው። ደብዳቤ ላይ ብዙ ፊርማ ይኑር። ቢሮ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። ለመመዝገብ ብላችሁ አጥር አትዝለሉ። የጸጥታ ኃይሎችን፣ ድልድዮችንና ካምፖችን ፎቶ አታንሱ። ማስፈራሪያ ከመጣ ቀኑንና ቃሉን ጻፉ፣ ለእድሩ ሽማግሌዎች ንገሩ፣ ለፖሊስ አመልክቱ፤ ለጊዜው መዝገቡን አቁሙ። የማንም ሕይወት ከዚያ ደብተር አይበልጥም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ቢሮው የተሰጠው ጊዜ ሳያልቅ የሰው ስም ጠርቶ መለጠፍ ጉዳያችሁን ያበላሻል። የችካሉን ልኬትና የወሩን ፎቶ ለጥፉ። ሰው በራሱ ዓይን ይፍረድ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር። አበል የለመደ ቡድን አበሉ ሲቆም ይቆማል። ለደብተር፣ ለቦቲና ለጓንት የሚሆን ትንሽ መዋጮ አዋጡ። ሒሳቡን ሦስት ሰው ይፈርምበት፣ በየወሩ ቡና ላይ ይነበብ። ሥራው ሰፍቶ እርዳታ መቀበል ካስፈለጋችሁ ያኔ በሲቪል ማኅበረሰብ አዋጁ መሠረት ተመዝገቡ።

8. ዓመቱን ከፋፍሉት

መስከረም ውሃው ሲሞላ ከፍተኛውን ጠርዝ ምልክት አድርጉ። ከጥቅምት እስከ ኅዳር እምቦጭ ላይ በርቱ፤ ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ ጥሎት የሚሄደው ብዙ ነው። ታኅሣሥና ጥር ቦዮቹን ተከታትላችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ የትኛው ቱቦ ከየት እንደሚመጣ ካርታ ሳሉ። የካቲትና መጋቢት የደብዳቤ ወራት ናቸው። ሚያዝያና ግንቦት የደንገል ሥር አዘጋጁ፣ የባሕር ሸሹን እርሻ ወሰን ለኩ። ሰኔ ላይ ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በፊት ቦዩ ውስጥ የተከማቸውን ላስቲክና የውሃ ፕላስቲክ ጥረጉ፤ አንድ ጊዜ ጎርፉ ከወሰደው ከሐይቁ መልቀም አይቻልም።

ሐምሌ ተማሪው ለእረፍት ሲበተን መዝገቡ እንዳይቋረጥ ሰፈር የሚቀሩ ሁለት ሰዎች ይረከቡት። ርክክቡ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ገጽ እንደተጻፈ፣ ስንት ደብዳቤ መልስ እንደሚጠብቅ፣ ሴኪ ዲስኩና ሜትሩ የት እንደተቀመጡ። የዓመቱን ደብተር ሙሉ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አንዱን ለእድሩ፣ አንዱን ለቀበሌው፣ አንዱን ለዩኒቨርሲቲው አስገቡ፤ ሦስቱም ላይ የተቀባይ ፊርማ ይኑር።